የአድሬናል ዕጢና የልብ ጡንቻ ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልብ ድካም፣ ከፍ ዝቅ የሚል ግፊት ወይም «ኩላሊት አናት ላይ ዕጢ ታይቷል» የሚል ወረቀት ይዘው አዲስ አበባ ውስጥ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞሩ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ይህ ሕመም ምንድን ነው?

በሁለቱም ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የሚባል ትንሽ ሆርሞን አመንጪ አካል አለ። የውስጠኛው ክፍሉ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ያመነጫል፤ ሰው ሲደነግጥ፣ ሲሮጥ ወይም ሲቆጣ ልቡን የሚያስመቱት፣ ግፊቱንም የሚያነሡት እነዚህ ናቸው። ከዚህ ክፍል የሚበቅል ዕጢ ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። ተመሳሳይ ዕጢ ከአድሬናል ውጭ፣ በሆድ ጀርባ፣ በደረት ወይም በፊኛ አካባቢ ሲበቅል ፓራጋንግሊዮማ ይሉታል።

ጤነኛ አድሬናል ሆርሞኑን የሚለቀው ከነርቭ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ዕጢው ትእዛዝ አይጠብቅም፤ አንዳንዱ ቀን ከሌሊት ያንጠባጥባል፣ አንዳንዱ ደግሞ አጠራቅሞ በአንዴ ይለቀዋል። ልብ ይህን ለወራት ወይም ለዓመታት ሲሸከም ጡንቻው ይወፍራል፣ ይሰፋል፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ በድንገት ይዝላል። ሐኪሞች የካቴኮላሚን ካርዲዮማዮፓቲ (በአድሬናሊንና በኖርአድሬናሊን ብዛት የሚመጣ የልብ ጡንቻ ሕመም) የሚሉት ይህን ነው።

ሆርሞን እንዴት ልብን እስከዚህ ድረስ ይጎዳል?

መንገዱ ብዙ ነው። ኖርአድሬናሊን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ልብ ደም ለመግፋት ከወትሮው በላይ ይታገላል፤ ግድግዳውም እየወፈረ ይሄዳል። የልብን የራሱን ደም ሥሮችም ስለሚያኮማትር ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በቀጥታ ሕዋሱ ላይ የሚደርሰው መመረዝ ነው፦ ሆርሞኑ ሲበዛ የልብ ሕዋስ በካልሲየም ይጥለቀለቃል፣ ሆርሞኑ ራሱ ሲፈራርስ የሚወጡት ቅሪቶችም ይጎዱታል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጡንቻው እንደተኮማተረ የሞተባቸው ቦታዎች ይገኛሉ።

በዚህ ላይ ልብ ከዚህ ሁሉ ጎርፍ ራሱን ለማዳን የሆርሞኑን ተቀባዮች (ሕዋሱ ላይ ሆርሞኑ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች) ይቀንሳል። ደሙ በአድሬናሊን የተሞላ ሰው ልቡ ደክሞ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ጉዳቱ ጠባሳ ከመሆኑ በፊት ምንጩ ከተወገደ ግን አብዛኛው ይመለሳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ጤናው የሚመለስ የልብ ጡንቻ ሕመም ብዙ የለም፤ ይህ አንዱ ነው። ለዚህ ነው እምብዛም የማይገኝ ቢሆንም ሊታሰብ የሚገባው።

ብዙ ሰው ላይ ይገኛል?

አይገኝም። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው መካከል ከ2 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ነው የሚታወቀው። ደም ግፊት ካለባቸው 1,000 ሰዎች ደግሞ ከ2 እስከ 6 በሚሆኑት ላይ ሊገኝ ይችላል። ዕጢው ካለባቸውም ሁሉ ልቡ የሚጎዳ አይደለም፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነው። እኛ ዘንድ ልብ የሚደክመው በአብዛኛው በሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ባልታከመ ደም ግፊትና ከወሊድ ጋር በሚመጣ የልብ ጡንቻ ሕመም ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥቶ «ልብህ ደክሟል» የተባለ ሁሉ ወደ አድሬናል መሮጥ የለበትም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ከምች ወይም ከጭንቀት በምን ይለያል?

ሦስቱ ዋና ምልክቶች ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ልብስ የሚያርስ ላብና የልብ መምታት ናቸው። አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፣ ከዚያ ሰውየው ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል። ፊት ይገረጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ «ልሞት ነው» የሚል ፍርሃት ይመጣል። ክብደት መቀነስ፣ የሆድ ድርቀትና የደም ስኳር መጨመርም ይታያል። አንዳንዱ ላይ የሚነሣው ጎንበስ ሲል ወይም ሆዱ ሲጫን ነው፤ ዕጢው ፊኛ ላይ ከሆነ ደግሞ ሽንት በሸና ቁጥር።

ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ የሚታሽለት፣ ጭንቀት ነው ተብሎ ማረጋጊያ የሚታዘዝለት ጥቂት አይደለም። መለያው ይህ ነው፦ ትኩሳት የለውም፣ በመጣ ቁጥር መልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚያስጨንቅ ነገር በሌለበትም ይመጣል፣ በዚያችው ሰዓት ሲለካ ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ ይገኛል። ሕመሙ ሲነሣ የተለካ አንድ ግፊት ካለፈ በኋላ ከሚለካ አሥር ይበልጣል።

ልብ መጎዳት ሲጀምር የልብ ድካም ምልክቶች ይጨመራሉ። የቸርችልን ዳገት ሳያርፍ ይወጣ የነበረ ሰው መሀል ላይ ይቆማል፤ ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያለ ሁለት ሦስት ትራስ መተኛት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል።

ክሊኒክ ስለካ ግፊቴ ደህና ነው ይላሉ። እንዲያም ሆኖ ሊኖርብኝ ይችላል?

ይችላል። ዕጢው የሚለቀው በየተወሰነ ጊዜ ከሆነ በመሀሉ ግፊት ደህና ይሆናል። በዋናነት አድሬናሊን የሚያመነጭ ከሆነ ግፊቱ ከፍ ብሎ ወዲያው ዝቅ ሊል፣ ሲቆሙም ሊያዞር ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ ልብ በጣም ሲደክም ግፊት ራሱ ይወርዳል። ለዓመታት ከፍተኛ የነበረ ግፊት ያለ መድኃኒት «ተሻለው» ከተባለና ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ መልካም ዜና አይደለም።

ቤት ውስጥ በክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ ይለኩ፤ የእጅ አንጓው ዓይነት ብዙ ይሳሳታል። 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይለኩ፣ ከዚያ ይነሡና ቆመው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይድገሙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሁለቱንም ቁጥርና የልብ ምቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። ሕመሙ ሲነሣ ከምንም በፊት ይለኩ። ይህ ደብተር ሐኪሙ ፊት ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይናገራል።

ልቤ መድከሙን በኢኮ አውቀናል። ከዚህ ዕጢ እንደሆነ መጠርጠር ያለበት መቼ ነው?

ሌላ ምክንያት ሳይገኝ በወጣትነት ልብ ሲደክም፤ ከሦስት ዓይነት መድኃኒት በላይ እየተወሰደ ግፊት እምቢ ሲል፤ ማደንዘዣ፣ ጥርስ መነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ላይ ግፊት በድንገት ሲሰቅል፤ የልብ ምትን የሚቀንሰው ቤታ ብሎከር (አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል) ተጀምሮ ሰውየው ሲብስበት፤ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ለሌላ ነገር ተነሥቶ አድሬናል ላይ ዕጢ ሲታይ።

አንድ ተጨማሪ አለ፤ ለየት ያለ ስለሆነ በራሱ መጠቀስ አለበት። ደረቱን አሞት የመጣ፣ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) በደም ሥር መዘጋት የሚመጣ የልብ ጡንቻ መሞት (ኢንፋርክሽን) የሚመስል፣ የልብ ጡንቻ መጎዳትን በደም የሚያሳየው ትሮፖኒን የጨመረበት፣ ነገር ግን በአንጂዮግራፊ (በደም ሥር ምስል) የልብ ደም ሥሮቹ ክፍት የሆኑ ሰው ታኮትሱቦ የሚባለው ድንገተኛ የልብ መዛል ሊኖርበት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ይመጣል፤ ሐዘንም ድንጋጤም ከሌለ፣ ወይም የዛለው የልብ ጫፍ ሳይሆን የላይኛው ክፍል ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ከተደገመ አድሬናል መታየት አለበት።

የትኛው ምርመራ ነው የሚያረጋግጠው? የ24 ሰዓት ሽንትስ እንዴት ይጠራቀማል?

የሚለካው ሜታኔፍሪን፣ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ሲፈራርሱ የሚወጣው ቅሪት ነው፤ በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት። አድሬናሊኑ ራሱ ከደም ቶሎ ስለሚጠፋ ሕመሙ በሌለበት ሰዓት ሊያመልጥ ይችላል። ሜታኔፍሪን ግን እዚያው ዕጢው ውስጥ ሳይቋረጥ ስለሚሠራ ሰውየው ደህና ሆኖ በዋለበት ቀንም ከፍ ብሎ ይገኛል። የደሙ ምርመራ ደም ከመቀዳቱ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተጋድሞ መቆየት ይፈልጋል፤ ታክሲ ተጋፍቶ መጥቶ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የተቀዳ ደም ያለ ዕጢም ከፍ ሊል ይችላል። ከዋዜማው ጀምሮ ቡና፣ ሲጋራና ጫት ይቅር።

ሽንቱን ለማጠራቀም፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሽንት ይሽኑና ይድፉት፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሌሊቱንም ጨምሮ፣ ላቦራቶሪው በሰጠዎት ዕቃ ያጠራቅሙ፤ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ይጨምሩና ይዝጉ። ዕቃው ውስጥ አሲድ ሊኖር ስለሚችል በቀጥታ አይሽኑበት፤ በሌላ ዕቃ ተቀብለው ይገልብጡ፣ ልጆች እንዳይነኩትም። የሃይላንድ ጠርሙስ አጥቦ መጠቀም አይሆንም። ፍሪጅ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ እንኳ ሽንት ቤት ገብተው ከረሱ ከመጀመሪያ መጀመር ይሻላል፤ ጎዶሎ ሽንት ዕጢውን ሊደብቀው ይችላል። ሐኪሙ አብሮ ክሬአቲኒን የሚያዘው ሽንቱ ሙሉ መሆኑን ለማየት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ልጀምር?

ከውስጥ ደዌ ሐኪም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው ሪፈር እያጻፈ መሄድ አለበት፤ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በኋላ የኢንዶክሪን (የሆርሞን)፣ የልብ፣ የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ባለሙያዎች አንድ ላይ ስለሚያስፈልጉ ነገሩ ከተረጋገጠ ወደ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ጥቁር አንበሳ፣ መላክ የተለመደ ነው።

ሜታኔፍሪን በየላቦራቶሪው አይሠራም። ካዛንቺስም ይሁን ስታዲየም አካባቢ ላቦራቶሪ ከመግባትዎ በፊት ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ እዚሁ ይሠራል ወይስ ወደ ውጭ ይላካል፤ ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል፤ ዕቃውን እነሱ ይሰጣሉ ወይ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንት ሊያልፍ ስለሚችል ትንፋሽ ያጠረው ሰው እስከዚያ ሕክምናውን እያቆመ መጠበቅ የለበትም።

ግፊት ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የንግግር መያዝ ወይም ራስን መሳት ካለ ላቦራቶሪውን ትተው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳትና አደጋ 939 ነው።

ውጤቴ ትንሽ ከፍ ብሏል። አለብኝ ማለት ነው?

«ትንሽ» ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ከመደበኛው ጣሪያ 3 ወይም 4 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ጥርጣሬው የሚጠነክረው። አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች፣ ለጉንፋን የሚሸጡ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው ክኒኖች፣ የፓርኪንሰን መድኃኒቱ ሌቮዶፓ፣ በአንዳንድ የመለኪያ ዘዴዎች ደግሞ ፓራሲታሞልና የግፊት መድኃኒቱ ላቤታሎል ቁጥሩን ያዛባሉ። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዙትንም፣ ጽፈው ይውሰዱ፤ በራስዎ ግን አንዱንም አያቋርጡ።

የልብ ድካም ራሱም እነዚህን ሆርሞኖች ከፍ ስለሚያደርግ አልጋ ላይ ያለ በጠና የታመመ ሰው ውጤት በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። ሰውየው ሲረጋጋ መድገም የሐኪሙ ጥርጣሬ ሳይሆን ትክክለኛ አሠራር ነው።

አልትራሳውንድ ምንም አላሳየም። ሲቲ ደግሞ ዕጢ አሳየ፤ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ብለውኛል።

አልትራሳውንድ ትንሽ የአድሬናል ዕጢ በቀላሉ ያመልጠዋል፤ በተለይ በግራ በኩል። ሆርሞኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ነው የሚታዘዘው። ሲቲው ያለ ቀለም ሲነሣ የዕጢው ጥግግት ይለካል፦ 10 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሀውንስፊልድ ቁጥር ስብ የበዛበትን ተራ ዕጢ ያመለክታል፣ ፊዮክሮሞሳይቶማ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚገኘው። ይህን ቁጥር የሪፖርቱ ወረቀት ላይ ይፈልጉ፤ ካልተጻፈ ሬዲዮሎጂስቱ እንዲጨምር መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ መርፌው መልሱ አጭር ነው፦ ሜታኔፍሪን ሳይታይ አይሆንም። ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ በመርፌ ሲወጋ በአንዴ ሆርሞኑን ሊለቀውና ሊገድል ይችላል። እኛ ዘንድ የአድሬናል እብጠት ሲታይ ቲቢ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር ሊሆን ይችላል ተብሎ ናሙና የመውሰዱ ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ሐሳቡ ስሕተት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያስፈራው።

ሐኪሙ ለልብ የታዘዘልኝን አቴኖሎል ለኋላ አቆይቶ በቅድሚያ ፕራዞሲን ጀመረልኝ። ልቤ እየመታ ለምን?

አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በደም ሥሮችና በልብ ላይ ሁለት ዓይነት ተቀባይ ያገኛሉ። አልፋ የተባለው ሥሩን ያጠባል፤ ቤታ የተባለው የተወሰኑትን ሥሮች ያሰፋል፣ ልብንም ያስመታል። ቤታው ብቻ ቀድሞ ሲዘጋ የማስፋቱ ሥራ ይቆምና አልፋ ብቻውን ይቀራል። ግፊት ሽቅብ ይወጣል። በዚያው ሰዓት የደከመው ልብ ቆሞ የነበረበት የቤታ ድጋፍ ይወሰድበታል። ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚሞላው እንዲህ ሆኖ ነው። ስለዚህ አልፋን የሚዘጋው እንደ ፕራዞሲን ያለ መድኃኒት (ከዚህ በታች በአጭሩ «አልፋ» የምንለው) ይቀድማል፣ ቤታን የሚዘጋው ቢያንስ ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ ይከተላል፣ ያውም የልብ ምቱ ከፍ ካለ። ላቤታሎልና ካርቬዲሎል ሁለቱንም ቢዘጉም ቤታው ስለሚያመዝን ለመጀመሪያነት አይሆኑም።

ከቀዶ ሕክምና በፊት አልፋው ከ7 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ልቡ የተጎዳ ሰው ላይ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ፌኖክሲቤንዛሚን 10 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ተጀምሮ ይጨመራል፤ እሱ ካልተገኘ ዶክሳዞሲን ከ1 ወይም 2 ሚሊግራም፣ ወይም ፕራዞሲን ከ1 ሚሊግራም ተጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ከፍ ይላል። የፕራዞሲን የመጀመሪያው ክኒን ማታ አልጋ ላይ ሆነው ነው የሚወሰደው፤ ቀን ከወሰዱትና ከተነሡ ሊጥልዎት ይችላል። ግቡ ተቀምጠው ከ130/80 በታች፣ ቆመው ግን የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች ያልወረደ ግፊት ነው። አፍንጫ መዘጋት መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነውና አያስደንግጥዎ፤ ለእሱ ብለው የጉንፋን ክኒን ግን አይግዙ።

ከከነማም ይሁን ከግል ፋርማሲ ለሙሉው ጊዜ የሚበቃውን በአንዴ መግዛት ይመከራል፤ መሀል ላይ መቋረጡ ቀዶ ሕክምናውን ያዘገያል። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን «ያው አልፋ ነው» ተብሎ ቢቀርብ ምትክ አይሆንም፤ የደም ሥሮች ላይ የሚሠራው በጣም ጥቂት ነው። ለወራት ቤታ ብሎከር ሲወስዱ ከቆዩ ደግሞ ይህን አንብበው በራስዎ አያቋርጡ፤ ድንገት ማቆምም የራሱ አደጋ አለው።

ጨው ብላ ይሉኛል፤ ለልብ ድካም ደግሞ ጨው ክልክል ነው። የቱን ልስማ?

ሁለቱም ምክር በየራሱ ቦታ ትክክል ነው። ሆርሞኑ ሥሮችን አጥብቦ ስለሚያቆይ የሰውነት ፈሳሽ ይቀንሳል፤ አልፋው ሥሮችን ሲከፍት ባዶው ይታወቃል፣ ሰው ሲነሣ ይወድቃል። ስለዚህ ልቡ ደህና የሆነ ሰው አልፋው ከተጀመረ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ጨውና ውሃ እንዲጨምር ይደረጋል። ልቡ የደከመ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ግን ይህን ካደረገ ሳንባው ይሞላል። ለእሱ የጨውና የውሃው መጠን በየቀኑ ክብደቱ እየታየ በሐኪም ነው የሚወሰነው፤ ጠዋት ሽንት ሸንተው ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ፣ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ይደውሉ።

የጾም ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ከምግብ ዓይነት መከልከሉ ችግር የለውም፤ አልፋ እየወሰዱ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ግን በቅዳሴ መሀል ሊጥል ይችላል። ለንስሐ አባትዎ ሁኔታውን ቢያስረዱ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡለትም። ጸበል ለሚጠመቁም፦ መድኃኒቱን አያቁሙ፣ ሆድ እስኪነፋ ጠጥቶ ማስመለሱ ይቅር፤ የሆድ መጨነቅ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ጫትና ቡናስ?

ጫት ይቁም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የነርቭ ጫፎች የያዙትን ኖርአድሬናሊን እንዲለቁ ያደርጋል፤ ዕጢው በሞላው ላይ መጨመር ነው። ያለ ዕጢም ቢሆን ጫት ግፊትንና የልብ ምትን እንደሚያነሣ የታወቀ ነው። ሲጋራና ሺሻም እንዲሁ። ኃይል ሰጪ የሚባሉት መጠጦች ይቅሩ። ቡና ሕመሙን የሚያስነሣበት ሰው ይተወው፤ ለሌላው እስከ ቀዶ ሕክምናው መቀነስ ይበቃል።

የትኞቹን መድኃኒቶች መጠንቀቅ አለብኝ?

ቀዳሚው ለማስመለስ የሚወጋው ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ነው። በየክሊኒኩ ስለሚገኝና ሳይጠየቅ ስለሚሰጥ ነው ቀዳሚ ያልነው፤ ዕጢው ባለበት ሰው ላይ ከባድ የግፊት ማዕበል ያስነሣል። ቀጥሎ ዴክሳሜታሶንና ሌሎች ስቴሮይዶች፣ ሱዶኤፌድሪን ያላቸው የጉንፋን መድኃኒቶች፣ የድብርት ክኒኖች ከነአሚትሪፕቲሊን፣ የወረደ የደም ስኳር ለማንሣት የሚወጋው ግሉካጎን፣ አልፋ ሳይቀድም የሚሰጥ ቤታ ብሎከር። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ማደንዘዣው አድሬናሊን የተቀላቀለበት እንዳይሆን አስቀድመው ይንገሩ። የዕጢውን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያጻፉበት ካርድ በመታወቂያዎ ኪስ ይኑር፤ ራስዎን ስተው ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ የሚናገርልዎት እሱ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያህል ያስፈራል?

ያለ ዝግጅት ከተገባ በጣም፤ በዝግጅት ከሆነ ብዙ አያስፈራም። ከ6 ሴንቲሜትር ያነሰ ዕጢ በአብዛኛው በላፓሮስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ትልቁ ወይም አካባቢውን የወረረው ሆድ ተከፍቶ ነው። ዕጢው ሲነካ ግፊት ይሰቅላል፣ ደም ሥሩ ታስሮ ሲወጣ በአንዴ ይወድቃል። የማደንዘዣ ባለሙያው ሁለቱንም ጠብቆ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው። ልቡ ገና ዝሎ ያለ ሰው ላይ አይቸኮልም፤ አልፋው ተሰጥቶ ኢኮው መሻሻል እስኪያሳይ ይጠበቃል።

ከወጣ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ግፊትና የደም ስኳር በቅርብ ይታያሉ። ዕጢው ኢንሱሊንን አፍኖ ይዞት ስለነበር ሲነሣ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ አስታማሚ «ደክሞት ተኝቷል» ብሎ የሚያልፈው ሰው አንዳንዴ ስኳሩ የወረደ ነው። ሁለቱም አድሬናሎች ከወጡ ስቴሮይድ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ ለአንድ ቀንም አይቋረጥም።

ልቤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል? የልብ መድኃኒቱንስ መቼ አቆማለሁ?

በድንገት የዛለ ልብ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይነሣል። የሰፋው ልብ ወራት ይፈልጋል። የወፈረው ግድግዳ ቀስ እያለ ይሳሳል። ጠባሳ የሆነው ክፍል አይመለስም፤ ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው ከምንም በላይ ዕጢው ሳይታወቅ የቆየበት ዘመን ነው።

ኢኮ ላይ የሚያዩት ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚባለው ቁጥር (ልብ ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚገፋው ድርሻ) ነው፤ 55 ከመቶና በላይ ደህና ነው። ቁጥሩ ከ30 ወደ 55 ቢመለስም የልብ መድኃኒቱን ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ እንጂ በአንዴ አያቆመውም። ግፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሳይወርድ ሊቀር ይችላል፤ ሥሮቹ ለዓመታት ከተጎዱ ወይም ሰውየው ተራ ግፊትም ካለበት። ሜታኔፍሪን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ በየዓመቱ ቢያንስ ለ10 ዓመት። «ወጥቷል፣ አለቀ» ብሎ መጥፋት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከእነዚህ ዕጢዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ፣ አንዳንዴ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ ቦታ ሊታይ ይችላል። በአጉሊ መነጽር አይቶ «ይህ አይመለስም» ብሎ መማል አይቻልም።

የእኔ የአድሬናል ዕጢ አድሬናሊን አያመነጭም ተብያለሁ። ልብን ይጎዳል?

ሌላ ሆርሞን የሚያመነጭ ከሆነ ይጎዳል። አልዶስተሮን የሚያመነጨው (የኮን ሕመም) ጨው አስቀርቶ ግፊት ያነሣል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ጡንቻ ያደክማል፣ የልብን ግድግዳ ያወፍራል፣ ጠባሳም ያመጣል፤ ተራ ግፊት ካለበት ሰው ልብ በላይ ይጎዳል። የፖታሲየም መውረድ የልብ ምትንም ያዛባል። ኮርቲሶል የሚያመነጨው (ኩሺንግ) ፊት ያከብባል፣ ሆድ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው መስመር ያወጣል፣ ግፊትና ስኳር ይጨምራል፤ በጥቂቶች ላይ ልብን እስከ ማድከም ይደርሳል። ምንም የማያመነጭ ዕጢ ግን ልብን አይነካም፤ አብዛኛው በአጋጣሚ የሚገኝ የአድሬናል ዕጢ ከዚህ ወገን ነው።

ነፍሰ ጡር ብሆንስ?

አደገኛ የሚያደርገው በእርግዝና የሚመጣ ግፊት ተብሎ መታለፉ ነው። የእርግዝናው ግፊት በአብዛኛው ከ20 ሳምንት በኋላ ይመጣል፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን ያሳያል። ከ20 ሳምንት በፊት የጀመረ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከላብና ከልብ መምታት ጋር የሚመጣ ግፊት ሌላ ነገር መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ከወለዱ በኋላ ልብ ሲደክምም «የወሊድ ነው» ተብሎ የሚቀር አለ።

ምርመራው ያው ሜታኔፍሪን ነው፤ ምስሉ በኤምአርአይ ያለ ቀለም ይነሣል። አልፋ ይሰጣል። ከ24 ሳምንት በፊት ከታወቀ በሁለተኛው ሦስት ወር ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ በመድኃኒት ተይዞ ከወሊድ በኋላ ይወጣል። ለማቅለሽለሹ ፕላሲል፣ ለፅንሱ ሳንባ የሚሰጠው ስቴሮይድ ሳይታሰብበት እንዳይሰጥ በካርድዎ ላይ በቀይ ይጻፍ።

ልጆቼና ወንድሞቼ መታየት አለባቸው?

ከሦስት ታማሚ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ዕጢውን ያመጣው በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ለታማሚው ሁሉ የጂን ምርመራ ይመከራል። ካልተቻለ የወላጅ፣ የወንድም፣ የእኅትና የልጅ ግፊት በየዓመቱ ይለካ፤ ምልክት ያለበት ሜታኔፍሪን ይሠራ። በተለይ ታማሚው ወጣት ከሆነ፣ ዕጢው በሁለቱም በኩል ወይም ከአድሬናል ውጭ ከሆነ፣ ቆዳው ላይ ከስድስት ያላነሱ የቡና በወተት መልክ ያላቸው ጠቃጠቆዎች ካሉ፣ ወይም በቤተሰቡ በዓይን፣ በጭንቅላትና በኩላሊት ዕጢ የታመመ ካለ።

እንቅርት ያለው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ይህም ይጠየቃል። አብዛኛው እንቅርት የአዮዲን እጥረት ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር ነው፤ ከቤተሰቡ አንዱ በዚህ ካንሰር የታመመ ከሆነ የማንኛውም ዘመድ ታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ሜታኔፍሪኑ ይታይ። አድሬናሉ ላይ ዕጢ ካለ ከአንገቱ በፊት የሚወጣው እሱ ነው።